አባቷን የጠየቀችው

አናጢውን ያደነቆረው ዕድሜውን ሙሉ ጆሮው ሥር ሲጮህ የኖረው የመጋዝ ማሽን ነው። አሁን የሚገባው የአንዲት ሴት ልጁ ንግግር ብቻ ነበር፤ እሱም ከንፈሯን እያየ። ስለዚህ አንዲት የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ስታመጣው አብራው ገባች።

«እንቅልፋቸው እንዴት ነው?» አለች ሐኪሟ።

ልጅቷ ጠየቀችው።

«እንቅልፍ የሚባል የለም» አለ። «ምግቡም አፈር አፈር ይለኛል።»

ሐኪሟ ወደ ልጅቷ ዞረች። «የዚህ ተቃራኒስ ታይቶባቸው ያውቃል? ሳይተኙም ድካም አለመሰማት፣ ከልክ ያለፈ ደስታ?»

ባለፈው ክረምት ሌት ተቀን ሲሠራ ከርሟል። የሁለት ሰው ቤት ወንበር በወንበር ሆነ፤ የተረፈውን መንገደኛ እያስቆመ፣ እየቀለደ ያድል ነበር። እናቷ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ስቆ አያውቅም።

«እኔ እኮ ዳነልኝ ብዬ ነበር» አለች። «ደስ ብሎኝ ነበር።»

«ማንም እንደዚያ ነው የሚመስለው። እሱም ያው ሕመሙ ነው።» ሐኪሟ ቀጥላ «አሁን የሚከብድ ነገር ነው የማስጠይቅሽ» አለች። «ራሳቸውን ለማጥፋት አስበው እንደሆነ ጠይቂልኝ።»

ልጅቷ ወደ አባቷ ዞረች። «አባዬ፣ ኑሮ መሮሃል ወይ?»

«ያልመረረው ማን አለ ብለሽ ነው» ብሎ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«እንደዚያ አላልኩሽም፣ እህቴ» አለች ሐኪሟ ቀስ ብላ። «ከከበደሽ ጽፌ ላሳያቸው።»

«አይ፤ ወረቀት ላይ ከሚያየው ከእኔ ይሻለዋል።»

ወንበሯን አስጠግታ እጁን ያዘች። እንዳይምታታበት ቃሉን አንድ በአንድ አወጣችው።

«አባዬ፣ ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?»

ከንፈሯን ትቶ ዓይን ዓይኗን አያት።

«አስቤያለሁ» አለ በመጨረሻ። «አንቺ ሥራ ስትሄጂ ነው የሚብስብኝ። ማታ ስትገቢ ወለሉ ንቅንቅ ይላል፤ ያኔ እተወዋለሁ።»

«ዛሬስ?» አለች ሐኪሟ።

«ዛሬስ፣ አባዬ?»

«ዛሬም።»

ሐኪሟ እዚያው ሆስፒታል እንዲተኛ ወሰነች፤ ሕመሙ መድኃኒት እንዳለው፣ ብቻውን እንደማይተውትም ነገረቻቸው። ልጅቷ ይህንንም ለአባቷ አስረዳችው።

«አንቺስ ከማን ጋር ታድሪያለሽ?» አለ።

«ለእኔ አታስብ። ነገ በጠዋት እመጣለሁ።»

መኝታ ክፍሉ እስኪደርሱ የሚወስዳቸውን ነርስ «ፊት ለፊቱ ቁሙለት፣ አትጩሁበት፣ ቀስ በሉለት» እያለች ስትለምነው ነበር። በር ላይ ሆና ዞር ስትል፣ ነርሱ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ጠየቀው። አባቷ አልገባውም፤ እንደገባው ሰው ግን ራሱን ነቀነቀ። ልትመለስ ስትል የጠያቂ ሰዓት ማለፉን ነገሯት።

ታክሲ ውስጥ እስክትገባ ድረስ ቻለችው።