ደህናዋ እጅ ስትታሰር

፩

በሽተኛ ልትጠይቁ ሄዳችሁ የስንት ሰው እጅ ገድላችኋል?

አትቆጡ። መጀመሪያ አንብቡ።

፪

ይመር ደሴ ከተማ ውስጥ ፀጉር አስተካካይ ነው። ስትሮክ ቀኝ ክንዱን ወሰደበት። ክንዱ የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል። ጠዋት ሲነቃ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው፤ ባየው ቁጥር ይፈራል።

፫

መመሪያ፦ ፊዚዮቴራፒስቷ ትርሲት ለሚስቱ ለዘሀራ እንደነገረቻት።

ጣቶቹ ትንሽ ይዘረጋሉ፤ ተስፋ አለው። ለምግብ ሲቀመጥ ደህናዋን ግራ እጁን በካልሲ እሰሪያት። በቀኙ ይታገል። ይደፋበት። ያልቅስ። አትርጂው። አንጎሉ ክንዱን መልሶ የሚማረው ሲያሠራው ነው። ዋናዎቹ ደግሞ እነዚህ የመጀመሪያ ወራት ናቸው።

፬

ጠያቂ መጣ።

«ምነው ዘሀራ፣ ባልሽን እንደ ሌባ አሰርሽው?»

«ሐኪም አዝዞ እኮ ነው።»

«የምን ሐኪም! ፍቺው ባክሽ፣ አላህን ፍሪ!»

ፈታችው። ከዚያ ጉርሻ ተጀመረ። የአንዱን ሳይውጥ የሌላው ከንፈሩ ላይ ይደርሳል። እምቢ ካለ «ናቀን» ይባላል። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ተጋድማለች።

ሥራ ፈት።

በማግስቱ ሌሎች መጡ።

፭

በቀጠሮው ቀን ትርሲት መዳፉን ይዛ «ይዘርጉ» አለችው። ባለፈው ይዘረጉ የነበሩት ጣቶች አልተነሡም።

«ጋሽ ይመር፣ ቤት ማን ነው የሚያበላዎት?»

«ሰፈሩ።»

ያኔ ገባው። ሰው አንገቱን አምኖ የሚሰጠው፣ ምላጭ የሚይዝ እጁ በፍቅር እየሞተ ነው። ጠላት ቢሆን ይጮህበት ነበር። ወዳጅን ምን ብሎ ያባርራል?

፮

ጁምዓ ከሰዓት ቤቱ ሞላ። የእድሩ ሊቀመንበር ሀጂ እንድሪስ ጉርሻ ጠቅልለው እጃቸውን ዘረጉ።

«አብሽር ወንድሜ፣ አፍህን ክፈት።»

ይመር አፉን ገጠመ። ቀኝ እጁን በትከሻው ጎትቶ ወደ ትሪው ገፋት። ሽሮው ደረቱ ላይ ተደፋ።

«ኸረ ሸሚዙን አበላው!» አለ አንዱ።

ማንም አልሳቀም። አንዲት ሴት ማልቀስ ጀመረች። ዘሀራ ልታግዘው ተነሣች።

«ተቀመጪ!» አላት ይመር።

የሀጂ ጉርሻ አሁንም አፉ ፊት ነው። ወደ ሀጂ ቀና ብሎ፦

«ሀጂ፣ ብሞት ድንኳን እንደምትተክሉልኝ አውቃለሁ። እጄ ግን እኔ ሳልሞት እየተቀበረች ነው። እርስዎ ካልተዉ ማንም አይተውም። እጅዎን ይሰበስባሉ ወይስ አይሰበስቡም? ለብቻዬ እንዳይነግሩኝ፤ እዚሁ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ይመልሱልኝ!»