ያለ «አቁም» የማይነሣው ሊፍት

«ከዚህ ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ ምላሴ እንደ ጫማ ሶል ይድረቅ!» ብሎ ማለ ነጎድጓድ።

ምሳ ሰዓት ነው። ሰኞ የተቀጠሩት ሦስት አዳዲስ ፕሮግራመሮች ማንኪያቸውን አስቀምጠው አፍ አፉን ያዩታል። ቅጽል ስሙን ያገኘው ከድምፁ ነው፤ ሲያንሾካሹክ እንኳ የታችኛው ፎቅ ይሰማዋል። ከጠረጴዛው ጥግ ሚስቱ፣ የድርጅቱ የሊፍት መካኒክ፣ ቅባት የነካቸውን ጣቶቿን በሶፍት እየጠረገች ምሳዋን ትበላለች።

ነገሩ የሆነው አምና ነው። ድርጅቱ ለሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ፕሮግራም ይሠራል፤ ለበር፣ ለመጋረጃ፣ ለዕቃ ሊፍት። በነጎድጓድ አቆጣጠር ፕሮግራሙ አርባ ሚሊዮን መስመር ነበረው፤ ቢታተም ጨረቃ ደርሶ ይመለሳል። የሁሉም ፕሮግራም የሚወለደው ከአንዲት እናት ክላስ፣ ማለትም ከአንድ የጋራ ንድፍ ነው። እናቲቱ «ተነሣ» እና «አቁም» የሚሉ ትእዛዞች አሏት። ጉዱ ያለው «አቁም» ላይ ነው፤ ስሙ አለ፣ ውስጡ ግን ባዶ። በርና ሊፍት አቋቋማቸው ለየቅል ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ይጽፋል ተብሎ በአደራ የተተወ ነው። የረሳ ልጅ ግን ያንኑ ባዶ ይወርሳል። ቁም ሲሉት ምንም አይልም፤ መንገዱን ይቀጥላል።

«አደራ የሰው ነው! ማሽን አደራ ያውቃል?» አለ ነጎድጓድ ጠረጴዛውን እየደበደበ። «ታዲያ እኔ ምን አደረግሁ? ባዶውን ነቅዬ ግዴታ ተከልሁበት። የራሱን ‹አቁም› ያልጻፈ ልጅ ከነጭራሹ አይወለድም! አንድ መስመር ናት፤ ግን ጣቴ ቁልፉን ሲነካ የሕንጻው መብራት ሁሉ ብልጭ አለ።»

«ወይ ጉድ!» አለች ከአዲሶቹ አንዷ።

ከዚያ ሊፍቱ ለደንበኛው የሚታይበት ጠዋት ደረሰ። ደንበኛው ባለመጋዘን ነው፤ ሰባት መቶ እንግዳ አስከትሎ መጣ።

«ጋሼ፣ ትናንት ለጥበቃው ሲነግሩት ሰባ ነበሩ» አለ ሌላው አዲስ ልጅ።

«ትናንት የቆሙትን አልቆጠርኩም።»

ሊፍቱ ላይ መጀመሪያ የምትሳፈረው ሚስቱ ነበረች። እሷም የራስ ቆቧን አድርጋ ምልክት ለመቀበል ፕሮግራሙ የሚነሣበት ክፍል መጥታለች። ፕሮግራሙ ተከፈተ። ወዲያው ስክሪኑ ቀላ፦ ሊፍት የራሱ «አቁም» ስለሌለው መፍጠር አይቻልም። አለቀ። አንዲት መብራት አልበራችም፣ አንድ ሞተር አልዞረም።

ሥራ አስኪያጁ ደረጃውን አራት አራት እየዘለለ መጣ። «አንተ ሰውዬ! ያቺን ግዴታህን አንሣና ባዶውን መልስልኝ! ሰው ቆሟል!»

ነጎድጓድ ኮምፒውተሩን ከልሎ እጁን እንደ ንስር ዘረጋ። «ጋሼ፣ በሬሳዬ ላይ ይራመዱ!»

«ለዛሬ ብቻ!»

«ለዛሬ ብቻ ያሉት ነው ሰው የሚጨርሰው! ተነሥቶ የማይቆም ሊፍት ሊፍት ነው? ጣሪያ በስቶ ደመና ነው የሚገባው! ውስጡ የምትገባው ደግሞ የልጆቼ እናት ናት!»

ሥራ አስኪያጁ ለመነ። አለቀሰ። ተንበረከከ፤ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀደደ። ነጎድጓድ ወይ ፍንክች! የሊፍቱን ክላስ ከፍቶ ሲያየው ምስጢሩ ወጣ። የጻፈው ሰው የበሩን ፋይል ገልብጦ ነው የጀመረው። የበሩ «አቁም» ለሊፍት አይሆንም ብሎ ሰረዘው፤ የሊፍቱን ኋላ እጽፋለሁ አለ፤ በዚያው ረሳው። ዱሮ ቢሆን የእናቲቱ ባዶ «አቁም» ክፍተቱን ሸፍኖለት፣ ማንም ሳያውቅ ሊፍቱ ወደ ላይ ይነጉድ ነበር።

«ማነው ያ ዝንጉ?» አለች ልጅቷ።

«የሰው ስም በክፉ አላነሣም» አለ ነጎድጓድ በታላቅ ትሕትና። «እዚያው ቆሜ፣ በሦስት ደቂቃ፣ በአንድ እጄ ‹አቁም›ን ጻፍኩ። ፍሬኑ የቱ ፎቅ ላይ፣ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚይዝ፣ አንድ ሳላስቀር! ስክሪኑ አረንጓዴ ሆነ። እሷ ገባች። ሊፍቱ ተነሣ፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቀጥ! ከወለሉ ጋር ሲገጥም በመሃሉ ጸጉር አያልፍም። ሰባት መቶው ሰው አጨበጨበ፤ ባለመጋዘኑ አቅፎኝ ጎድኔ ተንቋቋ!»

ሦስቱም ሳይታወቃቸው አጨበጨቡ። ልጅቷ ዓይኗ እያበራ ወደ ጠረጴዛው ጥግ ዞረች። «እትዬ፣ እርስዎ ነበሩ አይደል? እንዴት ነበር?»

መካኒኳ የምሳ ዕቃዋን ከደነች።

«ግዴታውን ያስገባው ሥራ አስኪያጁ ነው» አለች ዝግ ባለ ድምፅ። «ሊፍቱን የጻፈው እሱ» ብላ ባሏን በአገጯ ጠቆመች። «ባዶው ይመለስ ብሎ የጮኸውም እሱ። ባለመጋዘኑ የመጣው ብቻውን ነው።»

«አንቺ ደግሞ!» አለ ነጎድጓድ፤ ይህን ጊዜ ድምፁ ከጠረጴዛው አላለፈም።

«‹አቁም›ን ከሥራ አስኪያጁ ጋር ተቀምጠው አብረው ጻፉት፤ እስከ ከሰዓት ፈጀ። ከዚያ በፊት ግን ይሄ ባዶውን ሊመልስ ጣቱ ቁልፉ ላይ ነበር። ሊፍቱ ውስጥ የምገባው እኔ መሆኔን አያውቅም ነበር፤ በር ላይ ቆሜ ‹ልግባ?› ስለው ነው እጁን ያነሣው።» ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች። «ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረም።»