የሃፍተ ሚሌቼንቶ

ኣዜብ ከቆቦ በሚኒባስ ተነስታ መርሳ ስትደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። መጋቢት ነው። ማንጎ ቸርቻሪዎቹን አልፋ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ያለውን ጋራዥ ማንንም ሳትጠይቅ አገኘችው። እንዴትስ ትጠይቅ? በልጅነቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አባቷን እየጠበቀች ያንቀላፋችበት ግቢ ነው።

ይታገሱ የአንድ ባጃጅ ጎማ እየፈታ ነበር። ቀና ሲል በሩ ላይ ጥቁር የለበሰች ሴት ቆማለች። ከፊቷ በፊት ልብሷን አየ።

«ጋሽ ይታገሱ፣ እንደምን ከረሙ?»

በድምጿ አወቃት። መፍቻው ከእጁ ወደቀ። ማን እንደሞተ ሳይጠይቃት እሷው ቀደመችው።

«አባዬ አረፈ። በጥር፣ በአስተርዮ ማግስት። ኩላሊቱ ነበር።»

ይታገሱ ዘይት የነካውን እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ቆመ። ሚስቱ ታደለች ድምፅ ሰምታ ከጓሮ ወጣች፤ ነገሩ ገብቷት እሪታዋን ለቀቀችው። ኣዜብን ክርስትና ያነሳቻት እሷ ናት። ሁለቱ ሴቶች ተቃቅፈው ሲላቀሱ፣ ይታገሱ ጎረቤት እስኪሰበሰብ ድረስ ካለበት አልተነቃነቀም።

ለቅሶው ጋብ ሲል ኣዜብ ዓይኗን ወደ ግቢው ጥግ ጣለች። ሸራ የለበሰች መኪና ነበረች እዚያ።

«አለች?»

«አለች» አለ ይታገሱ።

«አባዬ ሊያርፍ ሲል አደራ ብሎኛል። ‹ሚሌቼንቶዋን ይታገሱ ይግጠማት፤ ከሱ በቀር ማንም እንዳይነካት› አለኝ።»

ይታገሱ «እሺ» ብሎ ፊቱን አዞረ።

መኪናዋ ፊያት 1100 ናት፤ የአገሩ ሰው በጣሊያኖቹ አጠራር ሚሌቼንቶ ይላታል። ከትግራይ መጥተው ወልድያ ላይ ጨርቅ ይነግዱ የነበሩት የኣዜብ አያት፣ የአባቷ የሃፍተ አባት ናቸው የገዟት፣ ሃፍተ ገና ዳዴ ሲል። በዚያ ዘመን ወልድያ ውስጥ ከተዳሩት ሙሽሮች ስንቱን ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዳደረሰች የሚቆጥር የለም። ይታገሱና ታደለችም ከነዚያ ነበሩ። ያኔ መሪውን የያዘው ወጣቱ ሃፍተ ነው። እየነዳ ስለ ሞተር ሲያወራ፣ ይታገሱ ሙሽራነቱን ረስቶ ወደፊት ተንጠራርቶ ሲያዳምጠው ደረሱ። ታደለች ይህን እስከ ዛሬ ታነሳዋለች። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሰዎች መርሳ ላይ ጋራዥ ከፍተው ሃያ ስድስት ዓመት አብረው ሠሩ። ጾሙንም ፍስኩንም ከአንድ ሳህን በልተዋል።

በ2013 መስከረም ሚሌቼንቶዋ ወደ ወልድያ ስትወጣ ውሃ ጨርሳ ጋለች፤ ሞተሯ ደርቆ ቆመ። ጎትተው አመጧት፣ ሞተሩን አወረዱ። ለፋሲካ እንገጥማታለን ተባብለው ነበር። ከወር በኋላ ጦርነቱ ተነሳ። ፋሲካው አለፈ፣ ክረምቱ ገባ።

ሐምሌ ላይ ጦርነቱ ወደ ቆቦ እየቀረበ ሳለ ሦስት ሰዎች የትግራይ ተወላጆችን ስም ዝርዝር ይዘው ጋራዡ ገቡ። ሃፍተ ክራንኩን፣ ማለት ፒስተኖቹ የሚያሽከረክሩትን ዋናውን ዘንግ፣ በናፍጣ እያጠበ ነበር። ይታገሱ አጠገቡ ተቀምጧል። የይታገሱ አንድያ ልጅ ሚኪያስ ከዘመተ ሁለት ሳምንቱ ነው።

«ሃፍተ አንተ ነህ? ተነስ።»

ሃፍተ ተነሳ። ከሦስቱ አንዱ ይታገሱን የሚያውቀው ሰው ነበርና ወደሱ ዞረ። «ጋሽ ይታገሱ፣ አንተ ዋስ ትሆነዋለህ? እሆናለሁ ካልክ እዚሁ እንተወዋለን።»

ይታገሱ የሰውየውን ዓይን አየ፤ ዝርዝሩን አየ፤ በር ላይ የተሰበሰበውን ሰው አየ። «እኔ እንግዲህ … አብረን እንሠራለን» አለ። «የሆዱን ግን አላውቅም።»

ሃፍተ አልተቆጣም። እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ጨርቁን አጥፎ የሞተሩ ገላ፣ ብሎኩ ላይ አኖረው። «ቫልቮቹን እንዳታደባልቃቸው» አለ፤ «በየተራቸው አስሬያቸዋለሁ።» ከዚያ ከፊታቸው ቀድሞ ወጣ።

ወር ሳይሞላ ጦርነቱ መርሳም ደረሰ። ጋራዡ ተሰብሮ መፍቻ አልቀረም፣ መበየጃ አልቀረም። የሚሌቼንቶዋ ሞተር የተረፈው ታደለች ፒስተኖቹን፣ ቫልቮቹንና ክራንኩን ማሽላ ጎተራ ውስጥ ቀብራቸው፣ ብሎኩን ደግሞ የሚሸከመው ጠፍቶ ነው። አገር ሲረጋጋ የሚኪያስ መርዶ መጣ። የት እንደተቀበረ የሚያውቅ አልተገኘም።

ሃፍተ ከአሥር ወር በኋላ ተለቀቀ። ወደ መርሳ አልተመለሰም፤ ኣዜብ ወዳለችበት፣ ከእህቱ ዘንድ ቆቦ ገባ። ይታገሱ አንድ ጊዜ ስልክ ደወለለት። ሃፍተ የሚኪያስን ነገር ሲሰማ እንደ ሕፃን አለቀሰ፣ ስለ ራሱ ግን «ደህና ነኝ፣ ክብሩ ይስፋ» ከማለት ሌላ አልተናገረም። ያችን ቀን ሁለቱም አላነሷትም። ይታገሱ ሄዶ ሊያየው ያስብና «ከፋሲካ በኋላ» ይላል፤ ፋሲካው ሲያልፍ «ክረምቱ ይውጣ» ይላል። እንዲህ ሲል ሦስት ዓመት አለፈ።

አሁን፣ ኣዜብ ወደ ቆቦ ከተመለሰች በኋላ፣ የሞተሩን ሥራ ጀመረ።

መጀመሪያ ሸራውን ገፈፈ። ብሎኩ ውስጥ አይጥ ጎጆ ሠርታ ነበር፤ ሲሊንደሮቹ ዝገዋል። በናፍጣ ሦስት ቀን ዘፍዝፎ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት እያሸ አጸዳቸው። ታደለች ከጎተራ ያወጣቻቸውን ዕቃዎች በጆንያ ላይ ደረደረቻቸው። ቫልቮቹ ሃፍተ እንዳለው ናቸው፤ እያንዳንዳቸው በሽቦ ታስረው ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን ተንጠልጥሎባቸዋል። ቁጥሩ የሃፍተ ነው፤ ሰባትን ሲጽፍ ወገቡ ላይ ሰረዝ ያደርግ ነበር። ይታገሱ ሰባተኛውን ቫልቭ ይዞ ቁጭ ባለበት የቀረበው ምሳ ሳይነካ ተመለሰ።

ክራንኩን ተሸክሞ፣ ብረት በማሽን ወደሚስተካከልበት ወደ ዛኪር ቶርኖ ቤት ወልድያ ሄደ። ዛኪር ቶርኖን የተማረው ከሃፍተ ነው። ዘንጉን ማሽኑ ላይ ሲያስር ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

«ጋሽ ሃፍተ አንድ ጊዜ ልኬት ተሳስቼ በጥፊ መትቶኛል» አለ። «ከዚያ ደግሞ ምሳ ጋበዘኝ። በመጨረሻ አግኝተኸው ነበር?»

«አላገኘሁትም።»

«ኧረ? እኔ እንኳ ሁለቴ ሄጃለሁ። አንተ በየጊዜው የምትሄድ መስሎኝ!»

ይታገሱ ወደ ውጭ ወጥቶ ማሽኑ እስኪቆም ድረስ አልገባም።

ፒስተኖቹ ዙሪያቸውን የሚታጠቋቸው የብረት ቀለበቶች፣ ፋሻዎቹ፣ ወልድያም ደሴም ጠፉ። በመጨረሻ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ አንድ ሽማግሌ ዘንድ፣ ወረቀታቸው የበለዘ አራት ስብስብ ተገኘ። ከሞተሩ የላይ ክዳን፣ ከቴስታታው ሥር የሚገባው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ ግን የትም አልነበረም። ይታገሱ የመዳብ ቆርቆሮ ገዝቶ፣ ቴስታታውን እላዩ ላይ አስቀምጦ በእርሳስ አሰመረ፤ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በስቶ በሞረድ አለሰለሳቸው። ዘጠኝ ቀን ፈጀበት። በሥራው መሀል ሳያስበው «እስቲ ያቺን አቀብለኝ» ብሎ እጁን ወደ ጎን ይዘረጋል። ማንም የለም። እጁን ሰብስቦ ራሱ ተነስቶ ያነሳታል።

ግንቦት መግቢያ ላይ አልቆ፣ ኣዜብን አስጠራት። ሻንጣዋን ታደለች ቤት አስቀምጣ መጣች። ይታገሱ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ አንድ ጊዜ አስሎ ጠፋ። ካርቡራተሩን ነካካና ደግሞ ሞከረ። ነጭ ጭስ ግቢውን ሞላው፤ ከዚያ ጭሱ ሳሳ፣ ድምፁ ተስተካከለ፣ አራቱም ሲሊንደር እኩል መምታት ጀመሩ። ታደለች እልል ልትል አፏን ከፍታ፣ የኣዜብን ጥቁር ልብስ አይታ ተወችው።

«እንሞክራት» አለ ይታገሱ።

ወደ ውርጌሳ አቅጣጫ ወጡ። መስኮቶቹን ከፍተዋል። የመንገድ ዳር ሰው ቆሞ ያያቸዋል፣ የአይሱዙ ሾፌሮች ጡሩምባ ይነፉላቸዋል። ኣዜብ ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷ ታየ።

«አባዬ ቢያያት» አለች። «አንቱን ሲያነሳ እኮ ፊቱ ይበራ ነበር። ያን የተያዘበትን ቀን ሲያወራ ሁልጊዜ የሚላት አንዲት ነገር አለች። ‹ይታገሱ ዕቃ ሊገዛ ወልድያ ሄዶ ነው እንጂ፣ ቢኖር ኖሮ አሳልፎ አይሰጠኝም› ይላል። ለአክስቴም፣ ለጎረቤቱም፣ ለጠያቂውም።»

ይታገሱ ጥቂት ነዳ። ከዚያ ከአስፋልቱ ወጥቶ አንድ ዋንዛ ሥር አቆመ። ሞተሩን አላጠፋም።

«ወልድያ አልሄድኩም» አለ።

«ምን አሉኝ?»

«ያን ቀን እዚያው ነበርኩ። አጠገቡ። ‹ዋስ ትሆነዋለህ ወይ› ብለው ጠየቁኝ። እሆናለሁ ብል ይተውት ነበር። የሆዱን አላውቅም አልኳቸው።»

ኣዜብ መዳፏን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አየችው።

«ሚኪያስ ዘምቶ ስለነበር ነው?» አለች በለሆሳስ። የማመካኛ በር ልትከፍትለት ፈልጋ ነበር።

«አይደለም። በሚኪያስ አላመካኝም። ያን ቀን ሚኪያስ በሕይወት ነበር። ፈርቼ ነው።»

ወረደች። ጀርባዋን ሰጥታው ከማሽላ ማሳው ዳር ቆመች። ወደ ደሴ የሚሄዱ ከባድ መኪናዎች ነጠላዋን እያርገበገቡት አለፉ። ስትመለስ ዓይኗ ደረቅ ነበር።

«አባዬ ሰምቷል?»

«ፊት ለፊቱ ነው የተናገርኩት።»

«እና ሲዋሽ ኖረ ማለት ነው። ለአንቱ ሲል።» ድምጿ ተሰበረ። «ታዲያ ለምን ነገሩኝ? እሱ እኔ አንቱን እንዳልጠላ ብሎ ይዞት የሞተውን፣ አንቱ ለምን አወጡት?»

ይታገሱ እጁን ከመሪው አነሳ።

«ይውረዱልኝ» አለች።

ወረደ። እሷ መሪው ላይ ተቀመጠች። «ወልድያ ስትደርሺ ውሃዋን እዪ፤ ከስልሳ በላይ አትንጃት» አላት በመስኮቱ። ወደሱ ሳታይ መኪናዋን አዙራ ሄደች። የሞተሩ ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ ቆሞ ሰማው። ከዚያ በእግሩ ወደ መርሳ ተመለሰ፤ መንገድ ላይ ቆመው «ግባ» ያሉትን ሁለት ሾፌሮች በእጁ እያመሰገነ አሳለፋቸው።

ቤት ሲደርስ ታደለች ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች።

«መጥታ ሻንጣዋን ወሰደች» አለችው። «አቅፋ ሳመችኝ፤ ቃል ግን አልወጣትም። ነገርካት አይደል?»

«ነገርኳት።»

«ሸክምህን አራገፍክ» አለችው። «በማን ላይ እንደጫንከው ግን አየህ?»

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር በቤቱ አልተወራም። ይታገሱ ሥራውን ይሠራል፤ የሚያመጡለትን ባጃጅም አይሱዙም ይጠግናል። ከሰው ጋር መቀመጥ ግን ተወ። እድር ላይ እንኳ ደርሶ ወዲያው ይመለሳል።

ነሐሴ ላይ፣ አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ።

«ጋሽ ይታገሱ።»

«አቤት፣ ልጄ» አለና ልጄ ማለቱን ወዲያው ፈራው።

«መኪናዋን ሸጥኳት። እንዲያውቁት ብዬ ነው።»

«ደግ አደረግሽ።»

«አንድ የመቀሌ ሰው ነው የገዛት። የድሮ መኪና ይወዳል። ኮፈኗን ከፍቶ ብዙ ሰማት። ‹ይህን ሞተር የገጠመው ማነው? እንዲህ ያለ እጅ ዛሬ አይገኝም› አለኝ። አባቴ ነው አልኩት።»

ዝናቡ የጋራዡን ቆርቆሮ ይደበድባል። ይታገሱ ስልኩን ወደ ጆሮው አጠበቀ።

«እውነትሽን ነው» አለ። «እሱ ነው የገጠማት።»

የሆነ ነገር የምትጨምር መሰለው።

«እማማ ታደለችን ሰላም ይበሉልኝ» አለችና ዘጋችው።

ታደለች ልብስ ከዝናብ ልትሰበስብ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ማነው የደወለው?»

«ኣዜብ ናት። ሰላም ብላሻለች።»

«አንተንስ ምን አለችህ?»

«መኪናዋን ሸጣታለች» አለ ይታገሱ። የቀረውን አልነገራትም።