ማሽን የሚያውቅ ዳኛ የተሰየመበት ችሎት

ፀሐይ አዘቅዝቃ የፍርድ ቤቱ ቅጥር ጭር ባለ ጊዜ፣ ሃያ ሁለት ዓመት በዳኝነት ወንበር የተቀመጥሁት እኔ በላይነህ፣ ጠረጴዛዬ ላይ አንገቴን ደፍቼ እተክዝ ነበር። በማግስቱ የማነበው ፍርድ ተጽፎ አልቋል። ወርቅያንስ የምትባል የአዳ ገበሬ «የጤፍ መውቂያ ማሽኑን የፈለሰፍሁት እኔ ነኝ፤ የፈጠራ መብቱ ይገባኛል» ትላለች፤ ድልነሳሁ የሚባል ባለጋራዥ ደግሞ «የለም፣ የእኔ ነው» ይላል። የማሽኑን ንድፍ ሦስት ጊዜ አየሁት፤ አንዱን ጊዜማ ለካ ዘቅዝቄ ይዤው ኖሯል! ቢቸግረኝ እንደ ልማዴ ምስክር ቆጠርሁ፤ ለእሱ አምስት፣ ለእሷ ሁለት። ለአምስቱ ፈረድሁ። ነገር ግን ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም መዋሌን ልቤ ያውቅ ነበርና፣ ፊርማዬን ሳላኖር በተቀመጥሁበት እንቅልፍ ወሰደኝ።

እነሆም ነጭ ኩታ የለበሱ፣ ረጅም ዘንግ የያዙ ሽማግሌ እጄን ይዘው አስነሡኝ።

«አባቴ፣ እርስዎ ማን ነዎት?» አልኋቸው።

«በዘመኔ ድንበር ዐዋቂ ነበርሁ። ወንድማማቾች በመሬት ሲጣሉ ዳኛው እኔን ከጎኑ ሳያስቀምጥ አይፈርድም ነበር። ና ልጄ፣ አንድ አገር ላሳይህ።»

ያቺ አገር እንዴት ያማረች ነበረች! በየዳገቱ ያለ ነዳጅ ውኃ የሚያወጣ መዘውር ይዞራል፤ በየደጃፉ ጭስ የማያውቅ ምድጃ ይነዳል፤ በየመሣሪያውም ላይ የፈጠረው ሰው ስም ከነመንደሩ ተቀርጾበታል፤ ሕዝቡም ስሞቹን እያነበበ ሲያልፍ የገዛ ዘመዱን ስም ያገኘ ያህል ፊቱ ይፈካል።

«ይህ ሁሉ ጥበብ ከወዴት መጣ?»

«ከየትም አልመጣም፤ እዚሁ ነበረ። ሰው የፈጠረውን የሚነጥቀው እንደሌለ ሲያምን የደበቀውን ያወጣል» አሉኝ።

ከዚያም መስኮቶቹ ወደ ሰፉ የብርሃን አዳራሽ አስገቡኝ። ችሎት ነበር። ሦስት ዳኞች ተሰይመዋል፤ ሁለቱ የሕግ ሰዎች መሆናቸውን ከአቀማመጣቸው ለየሁ፤ የሦስተኛው ጣቶች ግን የእሳት ጠባሳ ነበረባቸው።

«እኚህስ ማን ናቸው?»

«ወናፍ ሲነፋ ያደገ የቀጥቃጭ ልጅ ነው። ኋላ ምህንድስና ተምሮ ዳኛ ሆነ።»

ባለእጁን ቡዳ እያልን ከማዕድ ስናርቅ ኖረናልና ደነገጥሁ፤ በመደንገጤም አፈርሁ። «ባለሙያ ከሆነ ቀርቦ ይመስክር እንጂ፣ ስለምን በወንበር ይቀመጣል?»

«ምስክር የተጠየቀውን ብቻ ይመልሳል። ዳኛ ግን መጠየቅ ያለበትን ይጠይቃል።»

«ለመሰሎቹ ቢያደላስ?»

«ድምፁ አንድ ናት። ሁለቱ ልጓም ይሆኑታል፤ እሱም ዐይን ይሆናቸዋል።»

ይህን ስንነጋገር ባለጉዳዮቹ ገቡ። የእኔው ወርቅያንስና የእኔው ድልነሳሁ ነበሩ! መሐንዲሱ ዳኛ ከወንበሩ ወርዶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ በመካከል የቆመውን ማሽን ከፈተና «ይህ የነፋስ መውጫ ስለምን ሰያፍ ሆነ?» ብሎ ጠየቀ።

ድልነሳሁ ጉሮሮውን ጠረገ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ እንዲያምር ነው።»

«ኧረ የምን ማማር!» አለች ወርቅያንስ ሳቋ አምልጧት። «ጤፍ እኮ ቀላል ነው ጌታዬ። ፊት ለፊት ሲነፍስበት ከእብቁ ጋር ጥርግ ብሎ ሄደ። ሁለት ዓመት ሙሉ ፍሬዬን ዶሮ ለቀመው። ከታች በሰያፍ ሳስነፍሰው ነው እብቁ ወጥቶ ፍሬው የቀረልኝ።»

ዳኛው ነዶ አስመጥቶ ማሽኑን አስነሣ። እብቁ በመስኮት ወጣ፤ ፍሬው ከሥር ተንዠቀዠቀ። ሦስቱም በአንድ ድምፅ ለእሷ ፈረዱ፤ አዳራሹ በእልልታ ተናጋ፤ እኔም ዳኝነቴን ረስቼ እጄ እስኪቃጠል አጨበጨብሁ።

ሽማግሌው ግን ወደ እኔ ዞረው «አንተስ ነገ ምን ታነባለህ?» ቢሉኝ፣ ከኀፍረት የተነሣ ነቃሁ።

ነግቶ ነበር። ሬጅስትራራችን ወይዘሮ ጥሩዬ መዝገቧን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ከወንበሬ ሳልነሣ ያየሁትን ሁሉ ነገርኋት። «መሐንዲስ አብሮኝ እስኪሰየም ይህን ፍርድ አላነብም። ለበላዮቼም ዛሬውኑ እጽፋለሁ፤ ለሰማኝ ሁሉ እናገራለሁ» አልኋት።

«መልካም፣ ክቡር ዳኛ። ቀጠሮው የተለወጠበትን ምክንያት ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ዳኛው ስለ ማሽን አያውቅም ብለሽ ጻፊ።»

ቀና ብላ አየችኝና ጻፈችው። እኔም ደስ እያለኝ ፈረምሁበት።