ተጭኖ ያላለቀው ፕሮግራም

የቤት ንድፍ የምትሠራው ሴት ጠዋት ኮምፒውተሯን ስትከፍት የተቀበላት አንድ መልእክት ነበር፦ «ተጀምሮ ያላለቀ ጭነት አለ፤ አስቀድሞ እሱ ይጠናቀቅ።» እሷ ግን ምንም አልጫነችም። የንድፍ ፕሮግራሟም ያኛው ካላለቀ አልከፈትም ብሎ ድርቅ አለ።

የተጀመረውን ፕሮግራም አጠፋች፣ የተራረፉ ፋይሎቹን ለቃቅማ ጣለች፣ ኮምፒውተሩን ዘግታ ከፈተች። ሠራ። በማግስቱ ያው መልእክት ተመልሶ ጉብ ብሏል። የፕሮግራሙ ስም ፊደልና ቁጥር የተደበላለቀበት፣ ለምን እንደሚያገለግል የማይናገር ነው። አጠፋችው። ተመለሰ።

ግራ ቢገባት ለኮምፒውተር ጠጋኝ ደወለች።

«ቫይረስ አይደለም፣ እህቴ። አንድ ሰው ያስጀምርና ሳይጨርስ ይዘጋዋል» አላት።

«ማን? ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና ባለቤቴ ብቻ ነን። እሱ ደግሞ ኮምፒውተር እንደ እሳት ነው የሚፈራው።»

«እንግዲያው ጋኔን ነዋ!» ብሎ ሳቀ።

ምሳ ላይ ባሏን «ኮምፒውተሬን ነካክተሃል እንዴ?» ብላ ጠየቀችው።

«አዎ፣ ትንሽ ጨው ይጎድለዋል» አላት፣ ሳህኑን እያየ።

እያሾፈባት ይሆን? ሰሞኑን እንዲህ ሆኗል፤ ሌላ ሲጠየቅ ሌላ ይመልሳል። ልቡ ወደ ሌላ ሴት ሄዶ እንዳይሆን ፈርታለች።

አንድ ቀን ወደ ግንባታ ቦታ ስትሄድ ሜትሯን ረስታ ከመንገድ ተመለሰች። ከበሩ ተጣራች፤ መልስ የለም። ስትገባ ባሏ ጀርባውን ሰጥቷት ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጧል። ትከሻውን ስትነካው ክው አለና ክዳኑን ጥርቅም አደረገው። አጠገቡ ባቄላ የሚያካክሉ ሁለት የጆሮ መሣሪያዎች የያዘች ሳጥን አለች።

«መስማት እያቃተኝ ነው» አላት አቀርቅሮ። «እነዚህ በኮምፒውተር ነው የሚስተካከሉት አሉኝ። ስጀምረው በመስኮቱ ጥላሽን አይና እዘጋዋለሁ። ካቆምኩበት ልቀጥል ስል ደግሞ ድራሹ የለም።»

«እኔ ነኛ የማጠፋው!»

«ምን?»

«እኔ ነኝ! ለምን አልነገርከኝም?»

«አረጀ እንዳትይኝ።»

ትሳቅ ትቆጣ አላወቀችም። ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ፍርስራሹን አጽድተው እንደገና ከሀ ጀመሩ፤ በዚህኛው ጊዜ ጭነቱ እስከ መጨረሻው ሄደ። መሣሪያዎቹን ጆሮዎቹ ውስጥ አደረገችለት።

«እ? ትሰማኛለህ?»

ፊቱን አኮማተረ። «ኧረ ቀስ! ምን ያስጮህሻል?»

ስትጮህ መክረሟን ያን ጊዜ ነው ያወቀችው። ድምፅዋን ዝቅ ልታደርግ ሞከረች፤ የቱ ጋ እንደሚበቃ ግን ጠፋባት።

«አሁንስ?» አለች።

«አሁን ደግሞ አልሰማሁሽም።»