የጆዜት አረንጓዴ ጥንዚዛ

እኔ አረንጓዴ ቀለም አልወድም። የሰፈሩ ልጆች ይስቁብኛል፤ «አክስት ዶራ፣ ሣሩንም ትጠዪዋለሽ?» ይሉኛል። ሣሩ ምን አደረገኝ! ነገሩ የሆነው ባለፈው ሰኔ ነው።

የወንድሜ ልጅ ጆዜት ሰባት ዓመቷ ነው። አስተማሪዋ «ከቤትም ከጫካም አረንጓዴ ነገር ፈልጋችሁ አምጡ፤ ከሁሉ የሚበልጥ አረንጓዴ ያመጣ ይሸለማል» ብላቸዋለች። ልጅቷ ቤቱን አተራመሰችው። የአተር ቆርቆሮ አነሳች፣ ጣለች። ካልሲዬን አነሳች፣ አሸተተች፣ ጣለች።

«እንቁራሪት ውሰጂ» አልኳት።

«እንቁራሪት የክፍሌ ልጅ ሉዊ ያመጣል። ደግሞ ያንቺ እንቁራሪት ቡናማ ነው።»

«የኔ? እኔ ነኝ የወለድኩት?»

ሳቀችና ወደ ረግረጉ ሮጠች። የአባቴ የቅርጫት ዛፎች ያሉት እዚያ ነው። እኛ ፔኖብስኮቶች፣ የዚህ አገር ነባር ሕዝቦች፣ ቅርጫት የምንሠራው ከዚህ ዛፍ ነው፤ ግንዱ በመጥረቢያ ጀርባ ሲደበደብ እየተላጠ ረጅም ልጥ ይሰጣል። አባዬ ለእያንዳንዱ የልጅ ልጃቸው አንድ ዛፍ ይመርጣሉ። ልጁ ስምንት ዓመት ሲሞላው ዛፉ ይቆረጥና የመጀመሪያ ቅርጫቱን ከአያቱ ጋር ይሠራል። እስከዚያ ማንም አይነካውም። ለጆዜት የቀራት አንድ ዓመት ነበር። በመጋቢት ለተወለደው ወንድሟ ለማቲው ግን ገና አልተመረጠለትም።

ጠርሙስ ይዛ እያለከለከች ተመለሰች። «አባባ! ይዩ፣ ከራሴ ዛፍ ላይ ነው ያገኘሁት!»

ጥንዚዛ ነው። ከሩዝ ፍሬ ትንሽ ይበልጣል። እንዲህ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ዓይቼ አላውቅም። አባዬ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አንስተው አገላብጠው አዩት። ምን እንደሆነ ያላወቀች ጆዜት ብቻ ናት። እንቁላሉን የሚጥለው በቅርጫት ዛፍ ላይ ነው፤ ትሉ ከቅርፊቱ ሥር ገብቶ ዛፉን ዙሪያውን ይበላዋል። በስተደቡብ ያሉት ዘመዶቻችን አንድ ዛፍ እንኳ አልቀራቸውም። እኛ ጋ ገና አልደረሰም እንል ነበር።

«ከሁሉም አይበልጥም፣ አባባ?»

«ይበልጣል የኔ እናት» አሉ። «በዕድሜዬ እንዲህ ያለ አላየሁም።»

እኔ ሹልክ ብዬ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ካቻምና አንድ መኪና ሙሉ ማገዶ ያመጣሁት እኔ ነኝ። አባዬን ብርድ እንዳይመታቸው፣ ደግሞም ከራሳችን ዛፎች አንዱም እንዳይቆረጥ ብዬ ከኒውዮርክ ድረስ ሄጄ ገዛሁ። መንገድ ላይ «ማገዶ ከቦታ ቦታ አታጓጉዙ፤ ተባይ ያዛምታል» የሚል ሰሌዳ ነበር። «ይሄ ለሽርሽረኞች ነው» ብዬ አለፍኩ። እኔ ጉደኛ! የቅርጫት ሠሪ ልጅ ሆኜ ቅርፊቱን እንኳ ሳላይ ጫንኩት።

በማግሥቱ አባዬ የጆዜትን ዛፍ ቅርፊት ላጥ አደረጉት። ትሉ የሄደበት መንገድ ከቅርፊቱ ሥር ተጠማዝዞ እንጨቱን ሞልቶታል። ቀና ስንል የሌሎቹም ዛፎች ጫፍ ቅጠሉ ሳስቷል፤ በሰኔ፣ ሁሉም በሚለመልምበት ወር! አባዬ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። «ከቆየ ልጡ ይሰባበራል፤ አሁኑኑ እንቁረጠው» አሉ።

ጆዜት ተሸልማ መጣች። ዛፏ ዘንድሮ እንደሚቆረጥ ስትሰማ ዘለለች። «ቅርጫቱን እንደ ጥንዚዛዬ አረንጓዴ እናድርገው!»

«አይሆንም!» ብዬ ጮኽኩ።

«ምን ሆነሻል አንቺ?» አሉኝ አባዬ። «ቀለሙ ምን አጠፋ? የጠየቀችውን አድርጊላት።»

ልጡን አረንጓዴ ቀለም በተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ስነክር እጄ እስከ ክንዴ አረንጓዴ ሆነ። ጆዜት ደጅ ነበረች። ከዚያ በላይ መቻል አቃተኝ። «አባዬ፣ ያ ማገዶ…»

«አውቃለሁ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። «ቅርፊቱ ላይ ጥንዚዛው የወጣበትን ቀዳዳ ሳይ ግማሹን አንድጄው ነበር። የቀረውን ቶሎ ቶሎ ማገድኩት። ዘገየሁ መሰለኝ።» ሌላ ልጥ አቀበሉኝ። «ሞቆኝ ነበር፣ ዶራዬ።»

ቅርጫቱ በሳምንቱ አለቀ። ጆዜት በራሷ ላይ ደፍታው ቤቱን ዞረች፣ ከዚያ ቆም አለች። «ለማቲውስ የቱን ዛፍ መረጡለት?»

«ለሱ የሚሆን የለም» አሉ አባዬ። «ዛፎቹ እየሞቱ ነው።»

ልጅቷ መስኮቱ ላይ ያለውን ጠርሙስ አየችው። ጥንዚዛው ከሞተ ሰንብቷል፤ ቀለሙ ግን እንዳለ ነው። «ይሄ ነው የበላቸው?» አለችኝ።

«አዎ።»

ቅርጫቱን ከራሷ ላይ አወረደችው። «እኔ ነኝ ያመጣሁት?»

አባዬ አዩኝ።

«አንቺ አይደለሽም» አልኳት። «እኔ ነኝ።»

አየችኝ፣ አየችኝ። ከዚያ አረንጓዴ ቅርጫቷን አቅፋ ሄዳ ከአያቷ ጎን ተቀመጠች።