የቀልዱ ግማሽ

የፍቅር ልቦለድ ጸሐፊ ነኝ። የሚስቅ ካለ ይሳቅ፤ ለምጄዋለሁ። ሰው መጽሐፌን ትራሱ ሥር ደብቆ ሲያነብ ያድርና መንገድ ላይ ሲያገኘኝ "አሁንም እነዚያን ነገሮች ትጽፊያለሽ?" ይለኛል። እነዚያን ነገሮች! ቤቴ የቆመው በእነዚያ ነገሮችና በባሌ መፍቻ ነው።

ባሌ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ሰፈሩ "ጋሽ ቧንቧ" ይለዋል። አንደበቱ ላይ ቆጣሪ የተገጠመለት ይመስል ቃል አያባክንም። "እወድሻለሁ" ብሎኝ አያውቅም። እኔም ብዬው አላውቅም፤ ይህን ደግሞ ለአንባቢዎቼ ትንፍሽ አልልም፣ ገበያ ያበላሻላ። ወር በገባ ቁጥር አንዷን ልጃገረድ ከአንዱ መልከ መልካም ጋር ሳፋቅር የምውል ሴትዮ፣ ቤቴ ስገባ የምለው "ጫማህን በር ላይ አውልቅ" ነው።

ግን የጻፍኩትን ሁሉ መጀመሪያ የሚያነበው እሱ ነበር። ከሥራ ሲመለስ እጁን እስከ ክርኑ ታጥቦ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥና፣ መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ ወርዶ፣ ገጽ በገጽ ይገልጣል። እኔ ድስት የማማስል መስዬ ፊቱን እሰልላለሁ። በመጨረሻ ቀና ይልና "ይሄ ሰውዬ ግን ሥራ የሚገባው መቼ ነው?" ይለኛል። ወይም "በዚህ ሁሉ ዝናብ ቆሞ ሲጠብቃት ጃንጥላ የለውም እንዴ?" እኔ ቱግ እላለሁ። "አንተ ደግሞ ስለ ፍቅር ምን ታውቃለህ! ቧንቧህን ጠግን!" እለዋለሁ። ሲወጣ ጠብቄ ግን ለሰውዬው ጃንጥላ እሰጠዋለሁ።

መጽሐፍ መጻፉ ቀላል ነው፣ መሸጡ ነው አበሳው። ሰው መጽሐፍ በራሱ እግር ሄዶ የሚሸጥ ይመስለዋል። በካርቶን ተሸክመሽ ከመጻሕፍት መደብር መደብር፣ ከአዳራሽ አዳራሽ፣ ከቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት እስከ ትምህርት ቤት ስብሰባ መዞር ነው። የላስቲክ ወንበሮች ይደረደራሉ፣ ግማሾቹ ባዶ ይቀራሉ፣ አንቺ ግን አዳራሹ የሞላ ይመስል ፈገግ ትያለሽ። ካርቶኖቹን የሚሸከመው ባሌ ነበር። ደርድሮ ሲጨርስ ከኋላ፣ ግድግዳው ጋ ይቆማል። ወንበር ቢሰጡትም አይቀመጥም።

ታዲያ በየዝግጅቱ አንድ ነገረኛ አይጠፋም። "ዋናው ገጸ ባሕሪ ባለቤትዎ ናቸው?" ይላል። አንድ ቀን እግሬን አሞኝ፣ ሆዴም ባዶ ሆኖ ስለነበር ቱግ አልኩና "የኔን ሰውዬማ መጽሐፍ ውስጥ ባስገባው ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ እገድለዋለሁ፤ አንባቢ ይሰለቻላ!" አልኩ። ሰው ሳቀ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንደሚባለው፣ ከተናገርኩ በኋላ ነው እዚያው ቆሞ እየሰማኝ መሆኑ ትዝ ያለኝ። ደነገጥኩ። እሱ ግን ከካርቶኖቹ መሃል እጁን ከፍ አደረገና "እስካሁን አለሁ!" አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ያን ቀን ያመጣነው መጽሐፍ በሙሉ ተሸጠ።

ከዚያ ወዲያ የትም ብንሄድ ያቺን ቀልድ ሳንጫወታት ቀርተን አናውቅም። እኔ እገድለዋለሁ፣ እሱ እጁን ያነሳል። ጠያቂ ሲጠፋ እንኳ ራሴው ነገሩን ጎትቼ አመጣዋለሁ። ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ "ዛሬ ትንሽ ቀድመሽ ገደልሽኝ" ይለኛል። እንግዲህ ሌላው ሰው "እወድሻለሁ" የሚለውን ነገር እኛ በዚህች ነበር የምንባባለው። ያኔ አላወቅኩትም እንጂ።

ከዚያ አንድ ቀን የሰው ቤት እቃ ማጠቢያ ሥር ተንጋሎ ሲሠራ እዚያው ቀረ። ስትሮክ ነው አሉኝ። ቀኝ ጎኑ ሞተ፣ ንግግሩ ጠፋ። የቀረለት ግራ እጁና ዓይኑ ነው። ሐኪሙ ወደ ሆስፒታሉ ኮሪደር ወሰደኝና ነገሩን አልሸፋፈነም። "ሁለተኛ ከመታው አይተርፍም፤ ደግሞ የሚመታው ይመስለኛል" አለኝ። "መስማት ግን ይሰማል። ያናግሩት።"

ያናግሩት! አልጋው አጠገብ ተቀመጥኩ። ሳይሄድብኝ ልነግረው የምፈልገው ነገር ነበረኝ፤ ሌላ ምንም አልነበረኝም። አፌን ከፈትኩ። "ያለ አንተ ይህ ቤት..." ብዬ ስጀምር ከአራተኛው መጽሐፌ መሆኑ ገባኝ። አቆምኩ። "እጅህን ስይዝ..." አልኩ። እሱ ደግሞ ከመጀመሪያው ነው። እሱም ያውቀዋል፤ ሁሉንም አንብቦታል። ዓይኑ "ይሄማ ተሽጧል" የሚለኝ መሰለኝ። በፍቅር ቃል ስነግድ ኖሬ ለራሴ አንዲት ፍሬ አላስቀረሁም። ስለ ጎረቤት ውሻ አወራሁለት። በማግስቱም ስለ ጣሪያው ማፍሰስ አወራሁለት።

ከእኔ ጋር አልጋውን የምትጠብቀው ታላቅ እህቱ ናት። እትዬ ነው የምንላት። ባሌን ከእናት ይልቅ ያሳደገችው እሷ ናት። ነገር በሆዷ አታሳድርም፤ የመጣላትን ፊት ለፊት ነው። መጽሐፎቼን "ያ የባለጌ ወረቀት" ነው የምትላቸው። አንዱንም ገልጣ አታውቅም፣ አንድ ዝግጅት ላይም እግሯ ረግጦ አያውቅም። አልተቀየምኳትም፤ ወንድሟን በማንኪያ ስታጎርስ ላየ ሰው መቀየም አይሆንለትም።

በዚህ መሃል አሳታሚዬ ደወለ። አዲሱ መጽሐፍ ከወጣ ሰንብቷል፣ ያነሳው የለም። ልጁ ክፉ አይደለም፣ ግን የሰው ሐዘን ውስጥ በጫማው ነው የሚገባው።

"እናትዬ፣ የጠዋቱ ሬዲዮ ፕሮግራም ቦታ ይዞልናል። በቀጥታ ነው። ከተማው በሙሉ ይሰማዋል።"

"ባሌ ሊሞት ነው" አልኩት።

"አውቃለሁ፣ እግዜር ይማራቸው። ግን እኮ እሳቸውም ይሰሙዎታል። ደስ አይላቸውም?"

ልሰድበው አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ነገሩ ልቤ ውስጥ ገባ። እኔ እኮ ሰው ፊት ነው አፌ የሚፈታው። ለባዳ ሕዝብ ሲሆን አላፍርም፣ ቃል አይጠፋኝም። አልጋው አጠገብ ያቃተኝን እዚያ ማይክሮፎን ላይ እለዋለሁ፣ እሱ ይሰማኛል። ከመጽሐፌ ሳይሆን ከሆዴ። "እሺ" አልኩ።

ባሌ ሥራ ቦታ የሚይዛት ትንሽ ሬዲዮ አለች፤ የባትሪ ክዳኗ ጠፍቶ በፕላስተር የታሰረች፣ የማሽን ዘይት የምትሸት። ጣቢያውን አስተካክዬ ትራሱ አጠገብ አስቀመጥኳትና ለእትዬ አደራ አልኳት። "ሰዓቱ ሲደርስ ይክፈቱለት፤ ድምፁ ከፍ ይበል።"

"እዚህም ልታሰሚው ነው ያንን ባለጌ ነገርሽን?" አለችኝ። ግን እሺ አለች። ባሌ አየኝ። ግራ እጁን ነካ አደረግኩና ወጣሁ።

ስቱዲዮው መስኮት የለውም፤ ግድግዳው ምንጣፍ ለብሷል። አዘጋጇ ወጣት ናት፤ መጽሐፉን እንዳላነበበች የገባኝ የጀርባ ሽፋኑን በጣቷ ይዛ ስትጠይቀኝ ነው። ይሁን፤ ሁሉም እንደዚያው ናቸው። ስለ ፍቅር ምን ይላሉ፣ ለወጣቶች ምን ይመክራሉ፣ እያለች ወሰደችኝ፤ እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ መለስኩ። የምናገረውን ሆዴ ውስጥ ይዤዋለሁ፤ መግቢያ ነው የምጠብቀው። ከዚያ ፈገግ አለችና፣

"እስቲ እውነቱን ይንገሩን፤ ዋናው ገጸ ባሕሪ ባለቤትዎ ናቸው?" አለች።

ይኸው መግቢያዬ። ከዚህ የተሻለ አይመጣም። አፌን ከፈትኩ፤ አፌ ግን የስንት ዓመት መንገዱን ያውቃል።

"የኔን ሰውዬማ መጽሐፍ ውስጥ ባስገባው ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ እገድለዋለሁ፤ አንባቢ ይሰለቻላ!"

አዘጋጇ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች። ከመስታወቱ ወዲያ ያለው የድምፅ ሠራተኛም ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ጸጥ አለ። ያ ጸጥታ የእሱ ነው፤ እጁን የሚያነሳው እዚያ ጋ ነው። የሚያነሳ የለም። እሱ መልስ ካልሰጠበት ያ ነገር ቀልድ አይደለም፤ ሊሞት የተኛ ሰው ላይ የተወረወረ ስድብ ነው። አዘጋጇ "እንግዲህ ከማስታወቂያ በኋላ..." ስትል ማይክሮፎኑን በሁለት እጄ ያዝኩ።

"ቆይ" አልኩ። "አትዝጊብኝ። ባሌ ታሞ ተኝቷል፤ እየሰማኝ ነው። ቀልዴን ነው። እሱ ያለበት ቤት አንድም ቀን ሰልችቶኝ አያውቅም። የፈጠርኳቸው ጀግኖች ሁሉ ወረቀት ናቸው፤ እኔ ስጽፍ የኖርኩት እሱ እንዲያነብልኝ ነው። እወድሃለሁ። ሳልነግርህ ቀርቼ ነበር፣ አሁን ነገርኩህ።"

አዘጋጇ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ የድምፅ ሠራተኛው ማስታወቂያውን መልቀቅ ረስቶ ቆሞ ቀረ። እኔ ቀለለኝ። እውነቴን ነው፣ ከታመመ ጀምሮ እንደዚያ ቀሎኝ አያውቅም። ደረጃውን ስወርድ አሳታሚው ደወለ። "እናትዬ፣ ሰው እኮ እያለቀሰ ነው! መደብሮቹ ከአሁኑ እየደወሉልኝ ነው!" ዘጋሁበት። የተሳፈርኩበት ታክሲ ሹፌርም ድምፄን ለይቶ በመስታወቱ አየኝ። "እርስዎ ነዎት እንዴ? ባለቤትዎ ታድለው" አለኝ። "አዎ፣ ነግሬዋለሁ" አልኩት፤ እንደ ልጅ።

ሆስፒታሉ ስደርስ እትዬ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሬዲዮዋ ጭኗ ላይ ናት፤ ድምፅ የላትም። ከኋላዋ የክፍሉ በር ገርበብ ብሏል፤ በአልጋው ዙሪያ መጋረጃ ተስቧል። ማንም አልነገረኝም፤ ማንም መንገር አላስፈለገውም። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"መቼ?" አልኳት።

"አሁን፣ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ሐኪሙ ደግሞ መታው አለ።" አላየችኝም። "በምን አፍሽ ነው ግን? 'እገድለዋለሁ' አልሽ። ወንድሜ ሊሞት ተኝቶ፣ አንቺ ሰው ታስቂበታለሽ።"

"ከዚያ በኋላ ያልኩትንስ?"

"ምን ከዚያ በኋላ አለ? አጠፋሁት እኮ።"

"ለምን አጠፉት?"

"እሱ ነዋ አጥፊልኝ ያለኝ! ያንን ስትይ ይቺን ደህነኛዋን እጁን አነሳ። እንዲህ፣ ከፍ አድርጎ።" እጇን ከራሷ በላይ አነሳች። እጇ እንዳነሳችው ቆየ። "ከተኛ ጀምሮ እንደዚያ አንስቷት አያውቅም። አፉንም ሊያንቀሳቅስ ሞከረ። ተቆጥቶ ነው፣ ሰድባው ነው ብዬ ወዲያው ጠረቀምኩት። ከዚያ እጁን አወረደ። ወዲያው ነው የጠፋብኝ።"

ከተማው በሙሉ ሰምቶኛል፤ የታክሲ ሹፌሩ እንኳ ሰምቶኛል። እሱ የእኔን አልሰማም። የእሱን ግን ነግሮኝ ነው የሄደው። በአንድ እጁ፣ ያለ ድምፅ፣ ሰዓቱን ሳያዛንፍ።

አላለቀስኩም ያኔ። እትዬ እጇን አወረደችና ሬዲዮዋን ታሻሽ ጀመር። በዕድሜዋ ተጠራጥራ የማታውቅ ሴት፣ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ ላይ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው ነገር ነበር፤ ፍርሃት።

"አጥፊ ማለቱ አልነበረም እንዴ?" አለችኝ። "ልጄ፣ ዓይኑን ሳስበው የተቆጣ አይመስልም ነበር። ሌላ ነገር ፈልጎ ይሆን? እኔ ነኝ ያልገባኝ? ንገሪኝ፣ አንቺ ባልሽን ታውቂዋለሽ።"

እጇን አየሁት። ባሌን ያሳደገው እጅ ነው፤ ለመጨረሻ ጊዜ ያጎረሰውም እሱ ነው። እውነቱን ብነግራት ያቺን ማጥፊያ ቁልፍ እስክትሞት ድረስ ስትጫን ነው የምትኖረው። ካልነገርኳት ደግሞ አውቃታለሁ፤ ነገር በሆዷ አታሳድርም። ለቅሶ ቤት ለሚመጣው ዘመድ ሁሉ ወንድሜ በሚስቱ ምላስ ቆስሎ፣ ተቆጥቶባት ሞተ ትላለች። ማንም አይጠራጠራትም። እኔም የምመልሰው አይኖረኝም።

ከጭኗ ላይ ሬዲዮዋን ወሰድኩና እጇን ያዝኩት።

"አዎ እትዬ" አልኳት። "አጥፊልኝ ማለቱ ነው። ደግ አደረጉ።"